የአይርላንድ ገጠር ላም፦ ከወሊድ እስከ ገና ዋዜማ፣ ሥራውና ልማዱ

በአይርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ በኬሪ፣ በጎልዌይ፣ በማዮና በዶኔጋል፣ ጥቂት ሄክታር መሬት የያዘ ገበሬ ሀብቱ አንዲት ወይም ሁለት ላም ነበረች። የመሬት ኪራዩ የሚከፈለው ከጥጃዋና ከቅቤዋ ነው፤ ልጆቹም የሚያድጉት በድንችና በአሬራዋ ነው። ላሟ ከሞተች ቤቱ ፈረሰ ማለት ነበር። ስለዚህ ለላም የሚደረገው ሁሉ፣ ከድርቆሹ እስከ ጸሎቱ፣ ቀን የተቆረጠለት ነው። ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የአይርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን በመላ አገሪቱ ወደ 50,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤት ሽማግሌዎች እየጠየቁ እንዲጽፉ ሲያደርግ፣ የወተት፣ የቅቤና የበረት ልማድ በገፍ ተመዘገበ።

ልማዱን ከሥራው ለይቶ ማየት አይገባም። የሚውልበትን ቀን ልብ ብላችሁ ብትከታተሉ፣ ላሟ ለአደጋ የምትጋለጥበት ቀን ሆኖ ታገኙታላችሁ። መስቀሉን ሊሰቅል በረት የገባ ሰው ግቷንም ያያል፤ አበባውን ሊበትን የወጣ ሰው ሣሩንም ያያል። እዚህ የምናስቀምጠው ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የብሪጂት ዋዜማ፣ ጃንዋሪ 31

ፌብሩዋሪ 1 የቅድስት ብሪጂት ቀን ነው፤ ከ2023 ጀምሮም በአይርላንድ የሕዝብ በዓል ሆኗል። ብሪጂት የላሞችና የወተት ጠባቂ ናት። በዋዜማው ምሽት ከቄጠማ መስቀል ተሠርቶ በቤቱ በርና በበረቱ ጣራ ሥር ይሰካል። በአንዳንድ የሰሜን አካባቢዎች ባለ አራት ክንፉ ለቤት፣ ባለ ሦስት ክንፉ ለበረት ነው።

ባለ አራት ክንፉን ለመሥራት ከ16 እስከ 28 እርጥብ ቄጠማ ያስፈልጋል። ቄጠማው በብረት አይቆረጥም፤ በእጅ ይነቀላል። አንዱን ቄጠማ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ሁለተኛውን ከወገቡ አጥፋችሁ በመጀመሪያው መሃል ላይ አጥልቁትና ጫፎቹን ወደ ቀኝ ሳቡ። ማጠፊያውን በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ ሁሉንም ወደ ግራ ሩብ ዙር አዙሩት፤ የሁለተኛው ጫፎች አሁን ወደ ላይ ያያሉ። ሦስተኛውን አጥፋችሁ በእነሱ ላይ አጥልቁ፣ እንደገና ወደ ቀኝ ሳቡ፣ እንደገና አዙሩ። ቄጠማው እስኪያልቅ ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ አራቱን ክንፎች በክር ጠብቆ ማሰርና ጫፋቸውን እኩል መከርከም ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መሃሉ ነው፦ ቄጠማ ሲደርቅ ስለሚቀጥን፣ ላላ ተደርጎ የተሠራ መስቀል በሳምንቱ ይበተናል። የደረቀ ቄጠማ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል።

በዚያው ምሽት ጨርቅ ውጭ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ብራት ብሪጅ፣ የብሪጂት መጎናጸፊያ፣ ይሉታል። ጠዋት ታጥፎ ይቀመጥና ላሟ ምጥ ሲይዛት ጀርባዋ ላይ ይደረጋል።

መስቀሉ በተሰቀለበት ቀን ለወሊድ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሰናዱ። ቦታውን ከእበት ጠርጋችሁ ደረቅ ገለባ፣ ቄጠማ ወይም የደረቀ ፈርን በወፍራሙ አንጥፉ። ሁለት ንጹሕ ገመድ፣ አዮዲን፣ ሳሙና፣ ፋኖስ ወይም ባትሪ በአንድ ቅርጫት ይሁኑ። በአሮጌዎቹ የምዕራብ ቤቶች ላሞች የሚያድሩት ከሰዎቹ ጋር በአንድ ጣራ ሥር፣ በቤቱ ዝቅተኛ ጫፍ ነበር፤ ሽንታቸው በመሃል ባለ ቦይ ይወርዳል። እሳቱን የምታይ ላም ወተቷ ይበዛል ይባል ነበር። በሌሊት ምጥ የጀመራት ላም ሳትታይ አትቀርም ነበር፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነበር።

ወሊድ

ላም የምታረግዘው 283 ቀን ያህል ነው። ቀኗ ሲቃረብ ግቷ ያጋታል፣ በጭራዋ ሥር ግራና ቀኝ ያሉት ጅማቶች ይላላሉ፣ ከመንጋ ተነጥላ ትቆማለች። ጭራዋ ሥር በጣት ሲነኩት እንደ ሊጥ ከለሰለሰ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ትወልዳለች ብላችሁ ጠብቁ።

የሽርት ውሃው ከታየ በኋላ ሰዓት ያዙ። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ሁለት የፊት እግሮች፣ የሰኮናቸው መዳፍ ወደ ታች ሆኖ፣ በላያቸው ደግሞ አፍንጫ ነው። የሰኮናው መዳፍ ወደ ላይ ካየ የኋላ እግሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ እግር ብቻ ከመጣ፣ ወይም እግሮቹ መጥተው ራሱ ከሌለ፣ አትጎትቱ። ጥጃው ተጣሞ ተኝቷል ማለት ነው፤ መጎተት ማህፀኗን ይቀዳል። ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ሆኖ ከ2 ሰዓት በኋላም ካልወለደች ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ።

መርዳት ካስፈለገ ገመዱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይታሰራል። መጎተት ያለባችሁ እሷ ስታምጥ ብቻ ነው፤ ስታርፍ እናንተም አርፋችሁ ትጠብቃላችሁ። ራሱ ከወጣ በኋላ አቅጣጫው ወደ ታች፣ ወደ ኋላ እግሮቿ ነው። ከአጥንቷ አቀማመጥ ጋር የሚሄደው ይህ ነው፤ ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ የሚስብ ሰው ጥጃውን ዳሌዋ ላይ ያስቀረዋል።

ጥጃው እንደወጣ አፉንና አፍንጫውን ጥረጉ፤ ካልተነፈሰ የገለባ ዘንግ አፍንጫው ውስጥ አስገብታችሁ ኮርኩሩት። እትብቱን አዮዲን ንከሩት። ከዚያ በእናቱ ፊት አስተኙትና ጀርባው ላይ አንድ እፍኝ ጨው በትኑ። ጨው ክፉ ነገርን ያርቃል ተብሎ የመጣ ልማድ ነው፤ ሥራውም ግልጽ ነው፦ ላሟ ጨው ፍለጋ ስትልሰው ይደርቃል፣ ደሙ ይዘዋወራል፣ ሽታውን ታውቀዋለች። በተለይ ልጇን የምትሸሽ የመጀመሪያ ወላድ ጊደር ላይ ከዚህ የሚሻል ዘዴ የለም። ለእሷ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሁለት እፍኝ የአጃ ዱቄት በጥብጣችሁ ባልዲ ሙሉ አጠጧት።

ልማዱ የተባረከ ሻማ አብርቶ በግቷና በጀርባዋ ዙሪያ ማሳለፍን፣ የግቷን ፀጉር በነበልባሉ ለብለብ ማድረግንም ይጨምራል። ፀጉሩ ሲያጥር እበት ስለማይይዝ ማለቡ ይጸዳል። ነገር ግን በደረቅ ገለባ መካከል ሻማ ይዞ መንበርከክ በረት ያቃጥላል። ማድረግ የሚፈልግ ሰው ላሟን ወደ ድንጋዩ ወለል አውጥቶ ያድርገው።

የእንግዴ ልጁ በ12 ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ተንጠልጥሎ ከቀረ አትጎትቱት፣ ክብደትም አትሰሩበት፤ 24 ሰዓት ካለፈ ሐኪም ይየው። በሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ጆሮዋን ደጋግማችሁ ዳስሱ። ጆሮዋ ከቀዘቀዘ፣ ከተንገዳገደች፣ ተኝታም አንገቷን ወደ ጎኗ ካጠፈች በደሟ ያለው ካልሲየም ወድቋል። በተለይ ብዙ ወተት የሚሰጡ፣ ሦስት አራቴ የወለዱ ላሞች በሽታ ነው። በጊዜው ካልሲየም የተወጋች ላም በሰዓታት ውስጥ ብድግ ትላለች፤ እስከ ነገ ይታይ የተባለች ላም ግን ትሞታለች።

እንገርና ማለብ

ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ መከላከያ የለውም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው፤ አንጀቱም ያንን የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። የአይርላንድ የግብርና ምርምርና ምክር ተቋም ቲጋስክ የሚያስተምረው 1፣ 2፣ 3 ይባላል፦ በመጀመሪያው ማለብ የተገኘውን፣ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ 3 ሊትር። እንደ ኬሪና ዴክስተር ላሉ ትንንሽ ዝርያዎች ጥጃዎች ልኩ የሰውነቱ 8.5 በመቶ ነው፤ 28 ኪሎ ለሚመዝን 2.4 ሊትር ያህል። ጥጃው በ20 ቀን ውስጥ የጆሮ መለያ ይደረግለታል፣ በ27 ቀን ውስጥም ይመዘገባል፤ ይህ የዛሬ ሕግ ነው።

ለማለብ የምትራገጥ ላም በቡዋራኽ ትታሰራለች። ቡዋራኽ ከፈረስ ጭራ ፀጉር የሚገመድ አጭር ገመድ ሲሆን በአንድ ጫፉ ቀለበት፣ በሌላው ትንሽ የእንጨት ቁልፍ አለው። ከኋላ እግሮቿ ጉልበት ከፍ ብሎ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይዞርና ቁልፉ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል። ላሟ ብትወድቅ በአንድ እጅ መፈታት አለበት፤ ስለዚህ በቋጠሮ አይታሰርም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጭማቂዎች መሬት ላይ ይፈሳሉ። ልማዱ ድርሻው የማይታዩት "ደጋግ ሰዎች"፣ ማለትም የተረት ሰዎች፣ ነው ይላል። በጡቱ ቀዳዳ ተጠራቅሞ ያደረው ቆሻሻ የሚወጣውም በዚህ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ ብታፈሱት ደግሞ የረጋ ቅንጣት ካለ ወዲያው ይታያል፣ የግት በሽታ መጀመሩን ያሳያል። አልቦ የጨረሰ ሰው ጣቱን በአረፋው ነክሮ በሽንጧ ላይ የመስቀል ምልክት ያደርጋል።

ላም የሚያይ እንግዳ "ባል ኦ ዪያ" (የእግዚአብሔር በረከት) ሳይል ማለፍ ነውር ነው። ሳይባርክ ያደነቀ ሰው ዓይኑ ክፉ ነው ተብሎ ይፈራል። ዛሬም በአይርላንድ ገጠር የሰው በረት ስትገቡ ይህን ቃል አትርሱ።

የሜይ ዋዜማ

ከዓመቱ ሁሉ የሚፈራው ይህ ነው። ሜይ 1 ብያልቲነ፣ የበጋው መግቢያ ነው። በ900 ገደማ የተጻፈው የኮርማክ የቃላት ፍቺ ከብቶች ከበሽታ እንዲጠበቁ በዚህ ቀን በሁለት እሳት መካከል ይነዱ እንደነበር ይናገራል። ኋላም ልማዱ ቀጥሏል፦ በዋዜማው ልጆች ቢጫ የረግረግ አበባና ፕሪምሮዝ ለቅመው በቤቱና በበረቱ ደፍ ላይ ይበትናሉ፤ በላሟ ጭራ ላይ ቀይ ክር ወይም የሮዋን ዛፍ ቀንበጥ ይታሰራል። በዕለቱ ከቤት እሳት፣ ወተት ወይም ጨው ለማንም አይሰጥም። ንጋት ላይ በሰው መስክ ጤዛ በጨርቅ ስትሰበስብ የተገኘች ሴት የዓመቱን ቅቤ እየሰረቀች ነው ትባላለች። እንዲህ ዓይነቱ ጥርጣሬ ብዙ ድሃ ሴቶችን ጎድቷል፤ ከልማዱ ሊጠበቅ የማይገባው ክፍል ይህ ነው።

ፍርሃቱ ግን መነሻ ነበረው። ስድስት ወር ድርቆሽ የበላች ላም በድንገት ለምለም ሣር ላይ ስትወጣ ጠዋት ደህና ውላ ከሰዓት ወድቃ ትገኛለች። አሮጌው አነጋገር "የተረት ሰዎች ቀስት ወጋት" ነው። ፈዋሹ በክንዱ፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ ሦስት ጊዜ ይለካታል፤ ከእርሻ የተገኘ የጥንት የባልጩት ቀስት ጫፍና ሳንቲም የተነከረበት ውሃ ያጠጣታል። ዛሬ ሁለት ገዳዮችን ለይተን እናውቃለን።

አንደኛው የማግኒዥየም እጥረት ነው። የጸደይ ሣር ማግኒዥየሙ አነስተኛ ነው፤ የምትታለብ ላም ደግሞ በወተቷ ታወጣዋለች፣ በሰውነቷም አታከማችም። ትደነግጣለች፣ ጡንቻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ወድቃ እግሯን ትወራጫለች፤ ከዚያ እስከ ሞት አንድ ሰዓት ላይሞላ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ወደ ሣር ከመውጣቷ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ በየቀኑ 60 ግራም የተቃጠለ ማግኔሳይት ከመኖዋ ጋር መቀላቀል። ጣዕሙን ስለማትወድ ከሞላሰስ ጋር ስጧት። አንድ ቀን ሲዘለል መከላከያው ያልቃል።

ሁለተኛው የሆድ መነፋት ነው። የተራበች ላም ጤዛ ያለበት ክሎቨር ላይ ስትለቀቅ በሆዷ አረፋ ይሞላል፣ በግራ ሽንጧ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለው ስርጉድ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ወዲያው ከመስኩ አውጧት፣ ፊቷን ወደ ዳገት አቁሟት፣ ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ቀስ ብላችሁ አጠጧት፤ እንደ ልጓም እንጨት በአፏ አጋድማችሁ ብታስሩላት እያኘከች ምራቋን ትውጣለች፣ ጋዙም ይወጣል። ሐኪም እየመጣ መሆን አለበት። ለመከላከል በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ድርቆሽ አብልታችሁ፣ ጤዛው ሲጠፋ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ልቀቋት፤ ከዚያ በየቀኑ ጨምሩ።

ከሜይ እስከ ኖቬምበር ብዙ ቤተሰብ ከብቱን ወደ ተራራ ያወጣ ነበር፤ ወጣቶች በትንንሽ ጎጆዎች እያደሩ ያልባሉ፣ ይንጣሉ። ቡዋሌ ይባላል። በአኪል ደሴት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። ጥቅሙ በታች ያለው መስክ ለድርቆሽ እንዲያርፍ ነው።

ቅቤ ሲናጥ

ስልባቦቱ ለሁለት ሦስት ቀን እየተጠራቀመ፣ ምድጃ አጠገብ ትንሽ ይኮመጥጣል። ዱላ ያለው የቁም መናጫ ከግማሹ በላይ አይሞላም፤ ከሞላ ስልባቦቱ የሚጋጭበት ቦታ አጥቶ አረፋ ብቻ ይሆናል። ሙቀቱ ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሲሞቅ ቅቤው ቶሎ ይመጣል፣ ግን ነጭ፣ ልፍስፍስ፣ አሬራ ያልለቀቀ ነው። በልኩ ከሆነ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ በቂ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቅቤው ሲሰበር ዱላው ድንገት ይቀልላል፣ ውሃ የመምታት ድምፅ ይሰማል፣ በዱላውም ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያካክል ቢጫ ቅንጣት ይጣበቃል። እዚያ ላይ አቁሙ። ከዚያ በላይ የተናጠ ቅቤ አሬራውን በሆዱ ይዞ ስለሚቀር በሳምንቱ ይበላሻል።

በሚናጥበት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ ጥቂት ሳይንጥ አይወጣም፤ እምቢ ያለ የቅቤውን በረከት ይዞ ሄደ ይባላል። ለደከመ ክንድ ግሩም ልማድ ነው። ቅቤው እምቢ ሲል ከመናጫው ሥር ፍም ወይም የፈረስ ጫማ ብረት ይደረግ ነበር። ዛሬ እምቢ ካለ ሙቀቱን ለኩ፤ ልክ ከሆነ ላሟ ስንተኛ ወሯ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ሊነጥፍ የተቃረበ ወተት ስልባቦቱ በጣም ያስቸግራል።

አሬራውን አፍስሱና ቅቤውን በቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ሁለት ሦስቴ እጠቡ፤ የመጨረሻው ውሃ ጥርት ብሎ መውጣት አለበት። በእርጥብ የእንጨት መዳፎች ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን አውጡ፤ የእጅ ሙቀት ቅቤን ስለሚያቀልጥ በጣት አይነካም። ለዕለት ምግብ ለአንድ ኪሎ ከ20 እስከ 30 ግራም ጨው፣ ለብርድ ወራት ለሚቀመጥ እስከ 60 ግራም።

የዮሐንስ ዋዜማና ድርቆሹ

ጁን 23 ሌሊት ደመራ ይነዳል፤ ከብቱ በጭሱ ወይም በፍሙ አጠገብ ይነዳል፣ በየማሳው አንድ አንድ ትንታግ ይወረወራል። በዚያው ሰሞን ማሳውን የሚዞር ሰው ራግዎርት የተባለውን ቢጫ አበባ አረም ይንቀል። አሮጌው አባባል የተረት ሰዎች ፈረስ አድርገው ይጋልቡታል ይላል። ጉበት ያጠፋል፤ በ1936 የወጣው የጎጂ አረሞች ሕግም ባለመሬቱ እንዲያጠፋው ያስገድዳል። ላም እርጥቡን በምሬቱ ትተወዋለች፤ ድርቆሽ ውስጥ ሲደርቅ ግን ምሬቱ ይጠፋል፣ መርዙ ይቀራል። አንድም ግንድ በድርቆሹ አይግባ። ጓንት አድርጋችሁ ከዝናብ በኋላ ከነሥሩ ንቀሉ፣ የተነቀለውንም መስኩ ላይ አትተዉ።

ዶሮና አህያ በአጭሩ

ላቀፈች ዶሮ 13 እንቁላል ይታቀፋል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት ይባላል። በእያንዳንዱ ላይ በጥላሸት መስቀል ይደረጋል፤ ሌላ ዶሮ ገብታ የጨመረችው እንቁላል ምልክት ስለሌለው ተለይቶ ይነሳል። የዶሮ 21፣ የዳክዬ 28፣ የዝይ ከ28 እስከ 30 ቀን ነው።

አህያ ጀርባው ላይ ባለው መስቀል የተከበረ ነው። ፀጉሩ ግን እንደ ፈረስ ዝናብ አያሳልፍም ማለት አይቻልም፤ ይርሳል፣ ይበርደዋል። ስለዚህ መጠለያ ይሠራለት። የአይርላንድ መሬት ለስላሳ ስለሆነ ሰኮናው ሳይበላ ይረዝማል፤ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ይከርከም።

ገበያ

ከብት ሲሸጥ ሻጭና ገዢ ዋጋ ላይ ሲለያዩ አደራዳሪው የሁለቱን እጅ ይዞ ያጋጫል፤ መዳፍ ላይ እንትፍ ተብሎ የተመታ እጅ ውል ነው። ከዚያ ሻጩ ከተቀበለው ላይ ጥቂት ገንዘብ "የዕድል ሳንቲም" ብሎ ለገዢው ይመልሳል። ይህ ዛሬም በዩሮ አለ፤ ሻጭ ሆናችሁ ስትደራደሩ ከዋጋው ላይ አስባችሁ ግቡ። የላሟ ገመድ ከእሷ ጋር ይሂድ ወይስ ለሻጩ ይቅር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ላሟ ከተሸጠች በኋላ ስለ ገመድ የሚነሳ ጠብ አያምርም።

ከሳውን እስከ ገና

ኖቬምበር 1፣ ሳውን፣ ከብቱ ወደ በረት የሚገባበት ነው። ኬሪ ላም በቀን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ትፈልጋለች፤ እስከ ሜይ 180 ቀን ነው። ቁጠሩት፤ ከ1,440 እስከ 1,800 ኪሎ ከሌላችሁ አንዱን ከብት አሁኑኑ ሽጡ፤ በማርች የከሳ ላም የሚገዛ የለም። ረግረግ ላይ የዋለች ላም የጉበት ትል ይዛ ስለምትገባ እበቷን አስመርምሩና መድኃኒት ስጧት፤ ለምትታለብ ላም የሚፈቀደው መድኃኒት የተለየ መሆኑን ሐኪሙን ጠይቁ። ኖቬምበር 10፣ በቅዱስ ማርቲን ዋዜማ፣ ዶሮ ወይም ዝይ ታርዶ ደሙ በቤቱ አራት ማዕዘንና በበረቱ ደፍ ላይ ይረጫል።

በገና ዋዜማ ከብቶች እኩለ ሌሊት ላይ ይንበረከካሉ፣ ይናገራሉም ይባላል፤ ሊሰማ ብሎ ወደ በረት የሚገባ ሰው ግን ክፉ ይገጥመዋል። ስለዚህ ሥራው ከዚያ በፊት ይለቅ። ለእያንዳንዱ ከብት ከተለመደው በላይ አንድ ነዶ አጃ ወይም ምርጡ ድርቆሽ ይሰጣል፤ ገለባው በአዲስ ይለወጣል፤ የአንገት ሰንሰለቱ ጠብቆ እንደሆነ በሁለት ጣት ይለካል። ከበሩ በላይ የሆሊ ቅርንጫፍ ይሰካል። ከመቃብር ቦታ የተቆረጠ የዩ ዛፍ ቅርንጫፍ ግን ለጌጥም ቢሆን ወደ በረት አይግባ፣ በአጥሩም ላይ አይጣል። ጥቂት እፍኝ ቅጠሉ ላም ለመግደል ይበቃል፤ መድኃኒትም የለውም።